የባህር በረዶ ዓይነቶችን በራዳር መለየት፦ ካርታዬ ላይ መስመር እየወጣ ነው፣ እርዱኝ

የአዳማዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የአርክቲክን የባህር በረዶ ከሴንቲነል-1 የራዳር ምስል በዓይነት መለየት ነው፦ ክፍት ውሃ፣ ስስ አዲስ በረዶ፣ የአንድ ዓመት በረዶ፣ የብዙ ዓመት በረዶ። ለማሠልጠኛ የተጠቀምኩት ባለሙያዎች የሠሩትን የበረዶ ካርታ ነው። ራንደም ፎረስት (ከምሳሌ ተምሮ የሚለይ የኮምፒውተር ሞዴል) ፈተናው ላይ በጣም ጥሩ ውጤት ይሰጠኛል። አዲስ ምስል ስሰጠው ግን ይበላሻል። ከላይ እስከ ታች ረጃጅም መስመሮች ይወጣሉ፣ ክፍቱን ባህር ደግሞ የብዙ ዓመት በረዶ ይለዋል። በዚሁ ሳተላይት የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም። ምን ላስተካክል?

ሲግናል
እህቴ፣ ከመስመሮቹ እንጀምር። ወንጂ ላይ የሠራሽበት ዳታ ቪቪና ቪኤች ነው (የራዳሩ ሞገድ በቁም ተልኮ በቁምና በአግድም የሚቀዳ)፣ የሚሸፍነውም 250 ኪሎ ሜትር ስፋት ነው። ዋልታ አካባቢ በብዛት የሚነሳው 400 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ሰፊው ሞድ (የማንሻ ዘዴ) ነው፣ ኤችኤችና ኤችቪ (በአግድም ተልኮ በአግድምና በቁም የሚቀዳ)። ይሄ ሞድ አምስት ቁራጮችን ጎን ለጎን አያይዞ ነው አንድ ምስል የሚያወጣው። በኤችቪ የሚመለሰው ሲግናል ደካማ ስለሆነ የመሣሪያው የራሱ ኖይዝ (ከመሬት ያልመጣ የተሳሳተ ሲግናል) ጎልቶ ይታያል። ኖይዙም በየቁራጩ ይለያያል። የምታያቸው መስመሮች እነዚያ መጋጠሚያዎች ናቸው። ስናፕ (የራዳር ምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ላይ ካሊብሬሽን (የምስሉን ቁጥር ወደ ትክክለኛ የራዳር ልኬት መቀየር) ከመሥራትሽ በፊት ተርማል ኖይዝ ማስወገጃውን አስኪጂ፣ ይሄንኑ የመሣሪያውን ኖይዝ የሚቀንሰው እሱ ነው። ከዚያም በኋላ የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ትንሽ ኖይዝ ይቀራል። ካስቸገረሽ ያንን ክፍል ቆርጠሽ አውጪው።

የሐዋሳ ጂኦ
ሲግናል ያለው ልክ ነው፣ ግን አንግሉን አትርሺ። በዚህ ሞድ ጨረሩ ከ19 እስከ 47 ዲግሪ ገደማ ባለ አንግል ነው የሚያርፈው። ያው አንድ ዓይነት በረዶ ለሳተላይቱ በሚቀርበው ጠርዝ ደማቅ፣ በሚርቀው ጠርዝ ጠቆር ያለ ሆኖ ይታያል። ኤችኤች በረዶ ላይ በየዲግሪው 0.2 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፣ ውሃ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አንግሉን ራሱን እንደ አንድ ግብዓት ስጪው፣ ወይም ከአንግሉ ጋር የሚመጣውን መውረድ አስተካክለሽ ግቢ።

የውሃው ጉዳይ የነፋስ ጉዳይ ነው። ቆቃን አስቢው። ነፋስ በሌለበት ቀን ራዳር ላይ ጥቁር ነው፣ ጨረሩ ከለስላሳው ገጽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጥራልና። ሞገድ ሲነሳ ይነጣል። የብዙ ዓመት በረዶም ደማቅ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በበጋ ሲቀልጥ ጨዋማው ውሃ ከውስጡ ይፈስሳል፣ በቦታው የአየር ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ጨረሩ ወደ ውስጥ ገብቶ እነዚያ ቀዳዳዎች ላይ ይበተናል። የአንድ ዓመት በረዶ ጨዋማ ስለሆነ ጨረሩን ብዙ አያስገባም። በኤችኤች ብቻ ነፋሻ ውሃና አሮጌ በረዶ ይመሳሰላሉ። በኤችቪ ግን አሮጌው በረዶ ብዙ ጊዜ ጎልቶ ይወጣል። ኤችኤችንና ኤችቪን አብረሽ ተጠቀሚ፣ ቴክስቸርም (በአጎራባች ፒክሰሎች መካከል ያለውን የድምቀት መለዋወጥ) ጨምሪ።

ውሃና ካርታ
ከራንደም ፎረስት ወደ ዩ-ኔት (ምስልን በክፍል የሚለይ የዲፕ ለርኒንግ ሞዴል) ብትቀይሪስ? አሁን ብዙ ሰው በዲፕ ለርኒንግ ነው የሚሠራው።

የሐዋሳ ጂኦ
ዳታው ሳይጸዳ ሞዴል መቀየር አይጠቅማትም። ኖይዙን ዩ-ኔትም ይማረዋል።

ፓይተን ወዳጅ
እኔን ያሳሰበኝ የፈተናሽ ውጤት ነው። ፒክሰሎቹን በዘፈቀደ ነው የከፈልሻቸው? እንደዚያ ከሆነ ለሥልጠናና ለፈተና የያዝሻቸው ጎረቤታሞች ናቸው፣ ውጤቱ ከፍ ማለቱ አይገርምም። የምትከፍይው በምስል ይሁን። አንድ ምስል ሙሉ በሙሉ ወይ ሥልጠና ውስጥ ይግባ ወይ ፈተና ውስጥ። ቁጥሩ ይወርዳል፣ አትደንግጪ። ለአማካሪሽ የምታቀርቢው ያንን ነው።

ካርታውንም በጥንቃቄ ያዢው። የበረዶ ካርታ አንድ ክልል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓይነት በረዶ አለ፣ ድርሻቸውም አብሮ ተጽፏል። አንዱ ዓይነት በግልጽ የሚበዛበትን ክልል ብቻ ውሰጂ።

የአዳማዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላው ችግሬ ላፕቶፔ አይችለውም፣ መብራትም ሥራው መሃል ላይ ይጠፋል።

ፓይተን ወዳጅ
ፒክሰሉን በአማካይ ከ40 ሜትር ወደ 200 ሜትር አሳድጊው። ዳታው 25 እጥፍ ይቀላል፣ የራዳሩ ነጠብጣብም ይቀንሳል። አማካዩን ወደ ዴሲቤል ከመቀየርሽ በፊት ሥሪ። እያንዳንዱን ምስል እንዳለቀ ለየብቻ ሴቭ አድርጊ፣ መብራት ቢጠፋም ከዚያው ትቀጥያለሽ።

ሲግናል
የምስሎቹ ወር ስንት ነው?

የአዳማዋ
ከጥር እስከ መጋቢት፣ ጥቂቶቹ ግን የሐምሌ ናቸው።

ሲግናል
የሐምሌዎቹን አውጫቸው። በማቅለጫው ወቅት የረጠበ ገጽ ጨረሩን አያስገባም፣ አሮጌና አዲስ በረዶ ይመሳሰላል። መጀመሪያ የብርዱን ወራት ብቻ ሠርተሽ ጨርሺ፣ ሐምሌን በኋላ ለብቻው ታዪዋለሽ።