ክርክር፦ አለቃን በሰው ፊት ማረም ድፍረት ነው ወይስ ብልግና?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። የበላይህ ስብሰባ መሀል ሲሳሳት እዚያው "ልክ አይደለም" ብትል ደፋር ነህ ወይስ ባለጌ? መልሱስ እንደየባህሉ ይለያያል? ስድብ የጻፈ ይወጣል።

ቃል መርማሪ፦ ቃሉን እንየው መጀመሪያ። "ደፋር ነው" ስንል ማድነቃችንም ማውገዛችንም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ድምፃችን ነው። "ድፍረት አይሁንብኝና" ብለን ይቅርታ እንጠይቃለን። "ሕግ ደፈረ" እንላለን። ሁሉም የሚጠየፈው "አስገድዶ መድፈር"ም የዚሁ ግስ ልጅ ነው። አጥር መጣስ ከቃሉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሮማው ተናጋሪ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ሴረኛውን ካቲሊናን ሲያወግዝ የወረወረበት ቃል "አውዳኪያ" ነው፣ ድፍረት። የዕብራይስጡ "ሁጽፓ" ዓይን አውጣነት ነበር፤ አሜሪካ ሲደርስ ሙገሳም ሆነ። አየርላንድ ውስጥ "ቦልድ" የሚሉት ያስቸገረ ልጅን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ያለው "ወይስ" አይገባኝም።

ጭስ፦ ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም። አበቃ።

አወያይ፦ አላበቃም፣ ምክንያት ጨምርበት።

ሩቅ አዳሪ፦ ባህል እንጂ ሌላ ምን ሊሆን! የምሠራው ከአምስት አገር ሰዎች ጋር ነው። ሆላንዳዊው "ይሄ ሐሳብ አይረባም" ይለኝና ወዲያው ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፤ ቂም የሚባል የለውም። ጃፓናዊቷ "ትንሽ አስቸጋሪ ነው" ካለች እምቢ ማለቷ ነው። ይህን ለመረዳት ዓመት ፈጅቶብኛል። እነሱ ወጣ ያለ ምስማር ይመታል ይላሉ። ታዲያ ፈሪ ልበላት?

ክንፍ፦ ሆላንዳዊ ካነሳህ አይቀር። እኔ የአውሮፕላን ጥገና ሰው ነኝ፣ ይቺን ታሪክ ሥልጠና ላይ ደጋግመው ነግረውናል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977፣ የስፔን ደሴት ቴኔሪፍ። ሁለት ቦይንግ 747፣ አንዱ የሆላንዱ ኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው ፓን አሜሪካን፣ ጭጋግ ውስጥ አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ናቸው። ኬኤልኤሙ ለመነሳት መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ በሬዲዮ የሰማው ነገር አላማረውም፤ "ታዲያ ከማኮብኮቢያው አልወጣም እንዴ?" አለ። "ምን አልክ?" አለው ካፒቴኑ። "አልወጣም እንዴ፣ ያ ፓን አሜሪካን?" "ወጥቷል እንጂ!" ካፒቴኑ የኩባንያው አንጋፋ አሠልጣኝ ነበር። መሐንዲሱ ሌላ አልጨመረም። ሁለቱ ተጋጩ፤ 583 ሰው አለቀ። ቀጥተኛ በሚባሉት ሰዎች ኮክፒት፣ የአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሰውየውን የያዘው አገሩ አይደለም፣ ማዕረጉ ነው።

ቃል መርማሪ፦ አንድ አደጋ ባህልን አይሽርም።

ክንፍ፦ አይሽርም። ግን መፍትሔው ምን ሆነ? "ደፋር ሁኑ" ተብሎ አልተሰበከም። የበታቹ እንዴት እንደሚናገር፣ ካፒቴኑም እንዴት እንደሚሰማ ሥልጠና ወጣለት። ደግሞ ሩቅ አዳሪ፣ ጃፓን ካልክ ቶዮታንም አንሳ። ፋብሪካው ውስጥ ተራ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ይስባል፤ ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆማል። ምስማሩን የሚመታው የለም።

ሩቅ አዳሪ፦ ቆይ ቆይ። ገመዱን መሳብ ሥራው ከሆነ ምኑን ደፈረ?

ክንፍ፦ እኔስ ምን አልኩ? ድፍረት የሚፈለገው ገመድ በሌለበት ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። ለምን በሰው ፊት? የቻይናው ፈላስፋ ኮንፊሽየስ ትክክለኛውን አይቶ አለማድረግን ፈሪነት ይለዋል፤ እሱ ራሱ ግን ሥርዓት የሌለው ጀግንነት ሁከት ይሆናል ብሏል። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ሠርቻለሁ። አለቃ ለብቻው ሲነገረው ይሰማል፣ በሰው ፊት ሲነገረው ይዋጋል።

ክንፍ፦ ጋሼ፣ መሐንዲሱም በሰው ፊት አልጮኸም እኮ። እዚያው ከጀርባው ሆኖ ነው የነገረው።

ዝምተኛዋ፦ እስካሁን አነብ ነበር። ስለ አገር ታወራላችሁ፣ ማን እንደተናገረ ግን የጠየቀ የለም። የጥንት አቴናውያን ያሻውን በነፃነት መናገርን "ፓሬሲያ" ብለው ይኮሩበት ነበር፤ ለሴት፣ ለባሪያና ለመጤ ግን አልነበረም። የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ አስኪያጁ ባሳየን ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዜሮ ጎድሏል። እጄን አወጣሁና ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ፤ አጠገቤ ያለው በጫማው ጫፍ እግሬን ነካ አደረገኝ። ቁጥሩ ከሰዓት በኋላ ታረመ። እኔ ግን "ዓይን አውጣ" ተባልኩ፣ ከሚቀጥለው ስብሰባም ቀረሁ፣ ማለትም አልተጠራሁም። ከወር በፊት እንዲሁ ያረመው ወንድ ባልደረባዬ "ቆፍጣና" ተብሎ ነበር። ያው ቢሮ፣ ያው ባህል።

ሩቅ አዳሪ፦ ይሄኛው ከበደኝ። መልስ የለኝም።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ በደል ነው የደረሰብሽ፣ አልክድም። ግን እስቲ ቀደም ብለሽ ለብቻው ብትነግሪው ኖሮ?

ዝምተኛዋ፦ ጋሼ፣ ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ኢሜይል ልኬለት ነበር።