ወጪ ቀንሶ አገልግሎት ማሻሻል ይቻላል ወይስ ወሬ ብቻ ነው?

የማራኪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር ቢሮ የምትሠሩ፣ ወይም እንደኔ ቢሮ ስትመላለሱ የምትውሉ ካላችሁ መልሱልኝ። ሰሞኑን ከወንድሜ ጋር ክርክር ገጥመን አልተግባባንም። እሱ መንግሥት ወጪ ቀነሰ ማለት ሠራተኛ ቀነሰ ማለት ነው፣ ሠራተኛ ከተቀነሰ ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል ባይ ነው። እኔ ግን ለቤት ካርታ ስም ዝውውር አንድ ቢሮ ስመላለስ ያየሁት ሌላ ነው። ሰው ሞልቷል። ግማሹ የሚሠራው እኔ ያመጣሁትን ወረቀት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማሳለፍ ነው። በየክፍሉ መታወቂያሽን ኮፒ አድርገሽ አምጪ እባላለሁ፣ ኮፒው ሁሉ ግን የሚገባው ያው አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ፈራሚው ደግሞ ሁሌ ስብሰባ ላይ ነው።

የ2017 የፌዴራል በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። የብሩ መርከስ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ሁሉ ገንዘብ እየወጣ እኔ ለአንድ ፊርማ የምለምነው ለምንድን ነው? ከየት ቢቆረጥ ነው አገልግሎቱ የማይጎዳው?

ሰኔ 30 (መላሽ)

እህቴ፣ ፋይናንስ ነው የምሠራው፣ የት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ወንድምሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ወረዳና ክፍለ ከተማ ላይ አብዛኛው በጀት ደመወዝ ነው፣ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ቀንሱ ሲባል ደመወዙ አይነካም፣ የሚቆረጠው ወረቀት፣ ቀለምና የመስክ ነዳጅ ነው። ሠራተኛው ቁጭ ብሏል፣ የሚሠራበት ነገር የለም።

ብክነቱን ማየት ከፈለግሽ ግን ሰኔ ላይ ነይ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ብር ወደ ካዝና ይመለሳል፣ በዚያ ላይ ዘንድሮ ካልጨረስን ለከርሞ ይቀንሱብናል የሚል ፍርሃት አለ። ከግንቦት ማለቂያ ጀምሮ ሩጫ ነው። ወንበር ይገዛል፣ ጎማ ይገዛል፣ ሥልጠና ይጠራል፣ ሥልጠናውም እዚሁ አዳራሽ እያለን ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ ይሆናል፣ ምክንያቱም ከከተማ ካልወጡ ውሎ አበል የለም። ሠራተኛውን አልወቅስም። አዲሱ የደመወዝ ስኬል ወጥቶ እንኳ የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ብር ነው፣ በዚህ ላይ ኪራይ አለ፣ ጤፍ አለ። አበሉ የደመወዝ ማሟያ ሆኗል። ዝም ብለሽ አበሉን ብቻ ብትቆርጪ ሰዉ ሌላ ገቢ ይፈልጋል፣ ያን ጊዜ ከፋይዋ አንቺ ነሽ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሻል።

የፒያሳው

ኧረ ባካችሁ፣ ጠንከር ያለ እጅ ነው የጠፋው! የታንዛኒያው ማጉፉሊ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥልጣን እንደያዘ የነጻነት በዓሉን ድግስ ሰርዞ ሕዝቡን መጥረጊያ አስያዘ። የባለሥልጣን የውጭ ጉዞ ከለከለ። በዓመቱ ከ10,000 በላይ የሌሉ ሠራተኞችን ከደመወዝ ዝርዝር አስወጣ። ሩዋንዳም የመንግሥት መኪናዎችን ሸጣ ባለሥልጣኑ በብድር የራሱን እንዲገዛ አድርጋለች። እኛ ጋ ቅዳሜ አራዳ ገበያ ውረዱና ስንት ኮድ 4 ሽንኩርት እንደሚጭን እዩ።

ነጋዴው

ሁላችሁም ስለ ቢሮው ውስጥ ነው የምታወሩት፣ እኔ ከውጭ ልንገራችሁ። ለመንግሥት ቢሮ የጽሕፈት ዕቃና ፈርኒቸር አቀርባለሁ። ዕቃውን አስረክቤ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ተቆርጦልኝ፣ ብሩ ወራት ይቆያል። ዛሬ ፈራሚ የለም፣ ነገ የበጀት ኮዱ ተሳስቷል፣ ከነገ ወዲያ ሲስተም የለም። እኔ ደግሞ የምሠራው በባንክ ብድር ነው፣ ወለዱ አይጠብቀኝም። ታዲያ በሚቀጥለው ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ ምን የማደርግ ይመስላችኋል? ለግለሰብ ከምሸጥበት አስበልጬ እሞላለሁ። ሌሎቹም እንደኔው። ሦስቱም ፕሮፎርማ ከገበያው በላይ ሆኖ ዝቅተኛው አሸነፈ ይባላል። ኦዲተር ቢመጣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። በ15 ቀን ውስጥ እንከፍላለን ብለው ቢያደርጉት እኔ ነገውኑ ዋጋ እቀንሳለሁ። ለዚህ ማንንም ማባረር አያስፈልግም።

ትልቁን ማየት ከፈለጋችሁ መገጭ ግድብ አለላችሁ። ከተጀመረ ከአስር ዓመት በላይ ሆነው። በዘገየ ቁጥር ሲሚንቶውም ብረቱም ይጨምራል፣ ከተማው ደግሞ ውኃ በፈረቃ ይጠጣል። ይሄ ብክነት ተብሎ የሚመዘገበው የትኛው መዝገብ ላይ ነው?

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ እኔ የቢሮ አሠራር ይለወጣል ተብሎ የመጡትን ቢፒአርንም፣ ቢኤስሲንም፣ ካይዘንንም አሳልፌያለሁ። በቢፒአር ጊዜ ግድግዳ ፈርሶ ሁላችንም አንድ አዳራሽ ገባን። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሥራው ፈጥኖ ነበር። ቀስ በቀስ ክፍሎቹ በኮምፔንሳቶ ተመልሰው ተከለሉ፣ ፊርማዎቹም ተመለሱ። ለምን? ሰዉ ብቻውን መፈረም ይፈራል። አንድ ሰው የፈረመበት ሲበላሽ ያ ሰው ይጠየቃል፣ አምስት የፈረሙበት ሲበላሽ ማንም አይጠየቅም። መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ፊት ለፊት አንድ መስኮት ተከፍቶ ከጀርባ ያው አምስት ፊርማ ካለ፣ መመላለሱ ከባለጉዳይ ወደ ሠራተኛ ዞረ እንጂ ወጪው የት ሄደ?

የፒያሳው ልጄ፣ የማጉፉሊ የደመወዝ ማጣራት ጥሩ ነው፣ የሌለን ሰው መሰረዝ ማንንም አይጎዳም። ያለን ሰው ሥራውን ሳያዩ መቁረጥ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ላይ ቢሊየነሩ ኢሎን መስክ ከመንግሥት ወጪ 2 ትሪሊዮን ዶላር አስቀንሳለሁ ብሎ ተነስቶ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የኑክሌር መሣሪያ የሚጠብቀውን መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ካሰናበቱ በኋላ ኑ ተመለሱ ብለው ሲፈልጓቸው ነበር። እነሱ ጋ እንኳ እንዲህ ከሆነ ወረዳ ላይ አንዷን መዝገብ ቤት ብታሰናብቱ ፋይሉን ማን ያገኘዋል?

የማራኪዋ

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ የፊርማዋ ነገር ገብታኛለች። ሰኔ 30፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፦ የነጋዴው ክፍያ እናንተ ጋ ቢመጣ ስንት ሰው ይፈርምበታል?

ሰኔ 30

አራት። ሁለቱን የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፣ አንዱን በራሱ ስም፣ ሌላውን ቦታው ክፍት ስለሆነ በተወካይነት። ግን በአንድ ቀን አይፈርማቸውም።