«ታንክ ሞተብኝ» ይባላል ወይ?

የከዚራ ልጅ፦ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ጌም ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድሜ «ሦስት ታንክ ሞተብኝ» ሲል ሰማሁት። ጌሙ በፈረንጆቹ 1997 የወጣው ቶታል አናይሌሽን ነው። ታንኩ ውስጥ ሰው አለ? ከሌለ «ሞተ» ትክክል ነው ወይስ «ወደመ» ይበል?

ባለ ቅኔ፦ «ሞተ» ነፍስ ላለው ነው። ብረት ይሰበራል፣ ይቃጠላል፣ ይወድማል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን አይስትም።

የለገሃር፦ አቦ ይተዉ መምህር! ስልክዎ ቻርጅ ሲጨርስ ምን ይላሉ? ሞተርም መንገድ ላይ ይሞታል። ቁልፉ «ብኝ» ናት፤ ኪሳራው የኔ ነው ማለት ነው።

ባለ ቅኔ፦ የስልኩ ተውሶ ነው፣ ተውሶ ደግሞ ሕግ አይሆንም። ዘጸአት 15ን አንብብ። ፈረሱና ፈረሰኛው ለየብቻ ነው የተጠሩት፤ ሠረገላውና ሠራዊቱም እንደዚያው። ውስጡ ወታደር ካለ ደግሞ ወታደሩ «ተሠዋ» ይባላል። ሥሩ «ሦዐ» ነው፣ መሥዋዕትም ከዚያው ይወጣል።

የለገሃር፦ ስለ ነጂ ካነሳን፣ ሹፌር በፈረንሳይኛ መነሻው እሳት አንዳጅ ነው። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ድሬዳዋ ሲገባ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው። ቃሉንም ይዞልን የመጣው እሱ ይመስለኛል። ያለ አንዳጅ ማሽን አይሄድም።

እህተ ሚካኤል፦ ጥያቄው ጠፋ እኮ! ጌሙን እኔም እጫወተዋለሁ። ኮርና አርም የሚባሉት ሁለቱ ተፋላሚ ወገኖች 4,000 ዓመት የተዋጉት የሰውን ኅሊና ወደ ማሽን በማዛወር ተጣልተው ነው። የኮር ታንክ የተቀዳ የሰው አእምሮ አለው፣ ሥጋ ግን የለውም። አርሞች ይህን እምቢ አሉ፤ የእነሱን ማሽን የሚነዱት ክሎኖች፣ ማለትም ከሌላ ሰው የተባዙ ሰዎች ናቸው። በፈረንጆቹ 2007 በወጣው ሌላ ጌም፣ በሱፕሪም ኮማንደር ግን ሰው ያለው አዛዡ ሮቦት ውስጥ ብቻ ነው፤ የቀረው ታንክ ባዶ ነው።

ባለ ቅኔ፦ ኅሊና በማሽን ውስጥ? ይሄማ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ነው! የሕያዋኑ መንፈስ በመንኰራኩሮቹ ውስጥ ነበረ። እንግዲያው ለኮር «ሞተ»ን ፈቅጃለሁ።

የለገሃር፦ መንኰራኩር የጠፈሩ ነው ወይስ ጎማው?

ባለ ቅኔ፦ ጎማው። «አንኰርኰረ» አንከባለለ ነው። የጠፈሩ ትናንት የመጣ ነው። ደግሞ በ«ኰ» ነው የሚጻፈው፤ እዚህ ቤት በ«ኮ» የጻፈውን ሁሉ አይቻለሁ።

የከዚራ ልጅ፦ ወንድሜ የያዘው አርምን ነበር። ክሎን «ሞተ» ነው «ተሠዋ»?

እህተ ሚካኤል፦ ታዞ ሄዶ ነው የተቃጠለው። «ተሠዋ» በለው።

ባለ ቅኔ፦ መሥዋዕትነት ፈቃድ ይጠይቃል። ክሎኑን ማን ጠየቀው?

እህተ ሚካኤል፦ መምህር፣ በኦሪቱ በጉንስ ማን ጠይቆት ያውቃል?