ከእንጦጦ ስወርድ ፍሬን እምቢ አለኝ! ፔዳሉ እስከ ታች ይገባል፣ አሁን መንገድ ዳር ነኝ

የአባቴ ኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከእንጦጦ እየወረድኩ ነበር። ሽሮ ሜዳ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ዝም ብሎ እስከ ታች ገባ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝ። የእጅ ፍሬን ጨምሬ፣ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አስታክኬ እንደምንም አቆምኩት። እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ኮፋኖ ከፍቼ የፍሬን ዘይቱን አየሁ፣ ሙሉ ነው። መሬት ላይም የፈሰሰ ነገር የለም። የፊት ሸራው በቅርብ ነው የተቀየረው። አሁን ስረግጠው ደግሞ ትንሽ የተሻለው ይመስላል። ቀስ ብዬ ነድቼ ቤት ልግባ? ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ለሰርግ ወደ ጅማ እንወጣለን፣ ቤተሰብ ይዤ ነው።

ፈጣን መልስ፦
አየር ይዟል። አየሩን አስወጣ፣ ያልቃል።

ባለ ቪትዝ፦
ወንድሜ፣ እንኳን አተረፈህ። ስንት ሞዴል ነው? ማንዋል ነው አውቶማቲክ? ኤቢኤስ አለው? ኮሮላ እኮ ብዙ ዓይነት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከመኪናው ውረድና ጎማው ስር ትልቅ ድንጋይ አድርግ። እዛ ቁልቁለት ላይ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም።

የአባቴ ኮሮላ፦
እህት ነኝ። 1994 ሞዴል፣ ማንዋል። ኤቢኤስ የለውም። ድንጋዩን የሰፈር ልጆች አድርገውልኛል።

ባለ ቪትዝ፦
ይቅርታ እህቴ። 1994 በእኛ ነው በፈረንጅ?

የአባቴ ኮሮላ፦
በፈረንጅ።

የሲኤምሲ ልጅ፦
አትጨነቂ። ዘይቱ ከጎደለ የሳሙና ውሃ ጨምሪበት። የድሮ ሹፌሮች እንደዛ አድርገው ነው ቤታቸው የሚገቡት። በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያልሽ ውረጂ።

መፍቻ 14፦
እህት፣ የሳሙና ውሃውን እንዳትሞክሪው። ውሃ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ የቱቦውንና የማስተሩንም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር) ውስጥ ያዝገዋል። የሞተር ዘይትም ሆነ የካምቢዮ ዘይት አይገባበትም፣ ጎሚኒውን፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ፣ ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ፍሬኑን አስይዞ ያስቀራል ወይም ጭራሽ ይከዳል። እኔ መካኒክ ነኝ። መኪናውን ካለበት አታንቀሳቅሺው። "ትንሽ ተሻለው" የሚለውን አትመኚው፣ እሱ ነው ሰው የሚጨርሰው።

ኤንትሬ፦
ልጄ፣ እንኳን ተረፍሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንጦጦን በስንተኛ ማርሽ ነው የወረድሽው? እኔ ከባድ መኪና ላይ ነው ያረጀሁት። አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ወርጃለሁ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና፣ ነገ የምትሄጅበትን የጊቤ በረሃንም አውቀዋለሁ። ሕጉ አንድ ነው። በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን እያቃጠለ ነው የሚወርደው። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ ዘይቱ ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይይዛል። ሹፌሩም ተሻለው ብሎ ይነሳል፣ በሚቀጥለው ቁልቁለት ያው ነው።

ሌላም ልጨምር። ፍሬን ሲበጥስ ሞተር ማጥፋት የለብሽም። ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከዞረም መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መርገጥ፣ ማርሽ አንድ በአንድ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ እንደተጫኑ ቀስ በቀስ መሳብ ነው። ባንዴ ከተሳበ የኋላው ጎማ ይነክስና መኪናው ይዞራል። ጡሩምባ፣ ፍሬቻ፣ መብራት፣ ሁሉንም ማብራት ነው። እግረኛ ይሸሻል።

የአባቴ ኮሮላ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። የወረድኩት በሦስተኛ ነበር። የተቃጠለ ነገር ግን አልሸተተኝም። አሁን አንድ ጎረቤት ደውሎ በገመድ ጎትቼ ላስገባሽ እያለኝ ነው። ይሻላል?

መፍቻ 14፦
በገመድ አይሆንም! የሚጎተተው መኪና ፍሬን ያስፈልገዋል። ጎታቹ ሲያቆም አንቺ በምን ትቆሚያለሽ? ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከኋላ ትገጪዋለሽ። የሚጭን ክሬን ፈልጊ።

እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ፣ ድንጋዩ እንዳለ ሆኖ ሞተሩን አስነሺ። ፔዳሉን ደጋግመሽ ርገጪና ከፍ ሲልልሽ እግርሽን ሳታነሺ በመካከለኛ ኃይል ይዘሽ ቆይ። ምን እንደሚሆን ንገሪኝ። እግርሽ ስር ቀስ እያለ ይወርዳል? ወይስ ላስቲክ የረገጥሽ ያህል ይለሰልሳል፣ ግን አይወርድም? ወይስ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ረገጣ ከፍ ብሎ ጥርቅም ይላል? እነዚህ ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፣ ሰው ግን ሁሉንም "ፍሬኑ ለሰለሰ" ይላቸዋል። ሌላው ጥያቄዬ፣ ዘይቱ ሙሉ ነው ያልሽው ማንም ሳይጨምርበት ነው?

ፈጣን መልስ፦
አየር ነው አልኩ እኮ።

የአባቴ ኮሮላ፦
ሞከርኩት። ከያዝኩት በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እስከ ታች። ዘይት በየጊዜው ትንሽ ይጎድላል፣ እጨምራለሁ። አባቴም ሲነዳው ይጨምር ነበር። መኪናው ስላረጀ ነው እንጂ መፍሰስ የለውም።

ኮድ 2፦
እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። መኪና ስላረጀ የፍሬን ዘይት አይጠጣም። የሞተር ዘይት በእድሜ ሊቃጠል ይችላል፣ የፍሬን ዘይት ግን የሚቃጠልበት ቦታ የለውም፣ ዝግ ነው። ደረጃው የሚወርደው በሁለት ምክንያት ነው። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ ተከትሎት ይሄዳል፣ ያ በጣም ትንሽ ነው። አለዚያ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ሸራሽ ደግሞ አዲስ ነው ብለሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት የለም። እንዲያውም አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳል። ዛሬ ሙሉ ሆኖ ያየሽውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

የሲኤምሲ ልጅ፦
መሬት ላይ ካልታየ ታዲያ የት ይገባል?

መፍቻ 14፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። መሬት ሳይነካ የሚጠፋባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንዱ የኋላው ታምቡር፣ ማለትም የኋላ ጎማው ፍሬን ያለበት ክብ ብረት፣ ውስጥ ነው። እዛ ውስጥ ሸራዎቹን የሚገፋ ትንሽ ሲሊንደር አለ። ጎሚኒው ሲያረጅ ጠብ ጠብ ይላል፣ ግን ታምቡሩ ውስጥ ሸራው ስለሚመጠው ቶሎ አይታይም። የኋላ ጎማዎቹን በውስጥ በኩል በስልክሽ መብራት እዪ። ጎማው ወይም ቸርኬው ረጥቦ አቧራ ከያዘ አገኘሽው ማለት ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ማስተሩ ከሰርቮው፣ ማለትም ፔዳሉን ከሚያቀልልሽ ክብ ዕቃ፣ ጋር ተጣብቆ ነው የታሰረው። የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ካለቀ ዘይቱ በቀጥታ ሰርቮው ውስጥ ይገባል። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ አትወድቅም። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ከታች በኩል በጣትሽ ንኪው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ስለዚህ ሰርቮው ፊቱ ላይ ተልጦ ወይም ዝጎ ካየሽ እዛ ጋ መፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል።

ይዘሽው ቀስ እያለ መውረዱ ግን ወደ ማስተሩ ነው የሚያመለክተው። ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች ሲደክሙ ዘይቱ በጎናቸው ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ፍሬኑ ባዶ ይሆናል። "ዘይቱ ሙሉ ነው" ብለው ነድተው የሄዱ ሰዎችን አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምጨቀጭቅሽ።

ኤንትሬ ያሉትም እውነት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፣ አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230 ነው፣ ውሃ የጠጣው 155። ስለዚህ በየጊዜው እላዩ ላይ መጨመር ሳይሆን በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉውን መቀየር ነው። ግን የአንቺው ቆሞ፣ በርዶም እየወረደ ነው። መፍላት ብቻ አይደለም።

ኮድ 2፦
አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ፍሬን ሁለት መስመር የለውም እንዴ? አንዱ ቢበላሽ ሌላው መያዝ አለበት።

መፍቻ 14፦
አለው። የፊት ጎማ የሚነዳቸው መኪናዎች ላይ ብዙ ጊዜ በሰያፍ ነው፣ አንዱ የፊት ጎማ ከተቃራኒው የኋላ ጎማ ጋር። አንዱ መስመር ሲከዳ ሌላው ይቀራል፣ ግን ፔዳሉ በጣም ወርዶ ነው የሚይዘው። ለመቆምም ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ሁለቱንም መስመር የሚገፋው ግን አንድ ማስተር ነው። እህታችን ደጋግማ ስትረግጥ የያዘላት የተረፈው ጉልበት ሳይሆን አይቀርም።

ፈጣን መልስ፦
ምንም ቢሆን መጀመሪያ አየሩን ቢያስወጡ አይሻልም? ነጻ ነው፣ ከገንዘብ በፊት ይሞከራል።

መፍቻ 14፦
ወንድሜ፣ አየር ቢሆን ፔዳሉ እንደ ላስቲክ ይሆናል፣ ሲይዙት ግን አይወርድም። ደግሞ ያረጀ ማስተር ላይ አየር ማስወጣት ራሱ ጉዳት አለው። በዘወትር አነዳድ ፒስተኑ የሚሄደው ግማሹን መንገድ ብቻ ነው። ከዛ በታች ያለው ክፍል ዝገትና ቆሻሻ ይዟል። አየር ለማስወጣት ፔዳሉን እስከ ታች ስትደበድበው ጎሚኒው እዛ ሻካራ ቦታ ላይ ይሄድና ይቀደዳል። ጋራዥ ገብቶ ደህና የነበረ ፍሬን በማግስቱ ሲከዳ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከፔዳሉ ስር ቁራጭ እንጨት አደርጋለሁ፣ እስከ ታች እንዳይገባ።

የአባቴ ኮሮላ፦
ሰርቮው ጋ ነካሁት፣ እርጥብ ነው። ቀለሙም ተልጧል። የኋላው ጎማ ደረቅ ነው። ክሬን እየመጣ ነው። ማስተሩ ተጠግኖ ለሌሊቱ ይደርስ ይሆን? ምን ልግዛ?

ባለ ቪትዝ፦
እህቴ፣ ጅማ በአውቶቡስ ሂዱ። ሰርጉ ላይ ጠጅ ብትደግሚ እንኳ የሚነዳልሽ ሹፌር አለሽ።

መፍቻ 14፦
ባለ ቪትዝ ልክ ነው፣ በዚህ መኪና ነገ ጊቤን አትወርጂም። ዛሬ ማታ ተጣድፎ የተሠራ ፍሬን ከከተማ ሳይወጣ መፈተሽ አለበት።

ጎሚኒ ብቻ እንቀይር የሚል መካኒክ ካለ ማስተሩን ፈትቶ ውስጡን ያሳይሽ። ግድግዳው ከተቧጨረ ወይም ዝገት ጉድጓድ ካወጣ አዲስ ጎሚኒም ቶሎ ይበላል። ያኔ ሙሉውን መቀየር ነው። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ የቱቦ ማሰሪያዎቹንና የውስጡን ስፋት አስተያይተሽ ግዢ። ኮሮላ ነው ብሎ የሚሰጥሽ ሁሉ አይገጥምም። ፎርጂድ ይበዛል፣ እሱንም የሚለይ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ዘይቱ ማስተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር ይሁን፣ ዶት 3 ወይም 4። ዶት 5 የሚለውን አትግዢ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ጠርሙሱ ያልተከፈተ ይሁን።

አዲሱ ማስተር መኪናው ላይ ከመታሰሩ በፊት በራሱ አየሩ ይወጣለት። ከዛ ከሩቁ ጎማ ጀምሮ፣ ከኋላ ቀኝ። ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ፣ መያዣው አንዴም ሳይጎድል። የኋላው ሸራም አብሮ ይስተካከል። ሰርቮው ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ይውጣ። የሰርቮው የውስጥ ላስቲክ ከተበላ ሰርቮውም ይቀየራል፣ ይሄን ቀድመሽ እወቂው።

የአባቴ ኮሮላ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሬኑ ደርሷል። ሰፈር ያለው ጋራዥ ጠዋት ይፈታዋል። ምን እንደተገኘ መጥቼ እነግራችኋለሁ።

ኤንትሬ፦
ልጄ፣ ሰርጉ ደርሷችኋል? መኪናውስ?

ኮድ 2፦
ምን ተገኘ? ለሌላውም ይጠቅማል፣ ጻፊልን።

አያት 49፦
ይህን ሁሉ አነበብኩ። የእኔ ያሪስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፔዳሉ ድንጋይ ሆኗል፣ በሁለት እግር ነው የምረግጠው። ማስተር ልቀይር?

መፍቻ 14፦
ማስተር አትግዛ። የደረቀ ፔዳል በአብዛኛው የሰርቮ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው የአየር ቱቦ ጉዳይ ነው። ሞተሩን አጥፋና ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ረግጠህ ያዘው። እንደያዝከው ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ መጀመሪያ ቱቦው ተሰንጥቆ እንደሆነ እይ፣ ቱቦ ርካሽ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ስትረግጥ ፉጨት ከሰማህ እዛው ጋ ነው ችግሩ። እስከዛ አትንዳው፣ በሁለት እግር የሚረገጥ ፍሬንም ፍሬን አይደለም።