ለብርድ አገር የሚሆን የምግብ አሠራር መጽሐፍ፦ ለእህቴ ለገና የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች፣ ብርድ የማታውቅ ልጅ ናት። ዘንድሮ መምህርት ሆና ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ሮብ ገበያ ተመደበች። ማታ ማታ ጋቢ ደርባ ሻይ በዳቦ በልታ ነው የምትተኛው፤ ወጥ መሥራት አልለመደችም። ለገና መጽሐፍ ልሰጣት አስቤ ሁለት አገኘሁ። አንደኛው ወፍራም፣ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ፣ የውጭ አገር ሾርባና ኬክ የሞላበት ነው። ሁለተኛው ቀጭን፣ ሥዕል የሌለው፣ የአገራችንን ምግብ የያዘ ነው። ያላት አንድ የከሰል ምድጃና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ነው። ምን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፣ ከእንጅባራ
እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት አንቺ ራስሽ አሳምረሽ የምትሠሪውን ምግብ ከመጽሐፉ ውስጥ ፈልጊ፤ ምስር ወጥ ይሁን። ለስንት ሰው እንደሚሆን፣ ስንት ራስ ሽንኩርት እንደሚገባ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ ቁሌቱ እንዳያርር ውሃ ጠብ የሚደረግለት መቼ እንደሆነ ከነገረሽ ጸሐፊው ምድጃ አጠገብ የቆመ ሰው ነው። «በርበሬ በመጠኑ፣ ጨው እንደ አስፈላጊነቱ» እያለ የሚያልፍ ከሆነ ግን ለጀማሪ አይሆንም። እኔ በሙሽርነቴ የተሰጠኝ መጽሐፍ ገንፎን በሁለት መስመር ጨርሶት ነበር። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ገለበጥኩበት፤ ላዩ የበሰለ፣ ሲቆርሱት ውስጡ ነጭ ጥሬ ዱቄት የሆነ ጓል በጓል ሆነ። ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማማሰል እንደሚገባ ያሳዩኝ አማቴ ናቸው።

መልስ፣ ምግብ ዝግጅት አስተምራለሁ፣ ደብረ ማርቆስ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው የከፍታውን ጉዳይ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግን አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ ጮቄ ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ቆላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ለባቄላ ወይም ለሽምብራ የሚሰጠው ሰዓት እዚያ አይበቃም፤ አድሮ ይዘፍዘፍ፣ ጊዜም ይጨመርለት። ኬክም በከፍታ ቦታ ቶሎ ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል፤ ለነገሩ ኦቭን ከሌላት የኬኩ ክፍል ገንዘብ ማባከን ነው። ልኬቱንም እዪ፦ የአሜሪካ መጻሕፍት «ካፕ» የሚሉት 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በሻይ ብርጭቆ ከተሰፈረ ይጎድላል። መጽሐፉ በግራም ቢጽፍ ይሻላል፤ ካልሆነ መስፈሪያ ኩባያ አብረሽ ስጫት።

መልስ፣ ከዳንግላ
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማጀት ውስጥ የኖርኩ ነኝ፤ ማንም ያላነሳውን ልንገርሽ። ብርዱ የሚጠናው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው። ቅቤና ወተት ብቻ የሚያዝ መጽሐፍ ለዚያች ልጅ ምን ያደርግላታል? የጾሙን ክፍል ገልጠሽ እዪ። የአጃ አጥሚት፣ የገብስ ቅንጬ፣ የድንች ወጥ፣ ተልባ ካለበት ግዢው። ድንቹም ገብሱም አጃውም ባቄላውም እዚያው ደጋው ላይ ይገኛል፤ ክሬም ግን ከየት ታመጣለች? መጽሐፉንም ባዶውን አትስጫት፤ የተቀመመ ሽሮና በሶ ቋጥረሽ ላኪላት።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም
የውጭውን መጽሐፍ ጨርሶ መጣል ግን አልስማማም። የሾርባው ክፍል ይጠቅማታል፤ ካሮት፣ ድንችና ጎመን በአንድ ድስት ተቀቅሎ ማታ ትኩሱን መጠጣት ለብርድ መድኃኒት ነው። ፎቶግራፍም ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ሽንኩርት «ቡናማ እስኪሆን» ሲባል የቱ ቡናማ እንደሆነ በቃል አይገባም።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሁለቱንም አገላበጥኳቸው። ወፍራሙ ከግማሽ በላይ ኦቭን ይፈልጋል፤ ሾርባው አሥር ገጽ አይሞላም። ቀጭኑ ምስር ወጥን በአንድ ሙሉ ገጽ ይዘረዝራል፤ ሽንኩርቱን በቁጥር፣ በርበሬውን በማንኪያ ያስቀምጣል፤ የጾም ክፍልም አለው። ቀጭኑን ገዛሁ። የባቄላውና የሽምብራው ገጽ ላይ «አድሮ ይዘፍዘፍ፣ ሰዓት ጨምሪ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩበት። መስፈሪያውንም ጨምሬያለሁ። የዳንግላዋ እናቴ፣ የአጃ አጥሚት ግን የለውም፤ ከጀርባው ባዶ ገጽ ላይ ልጽፍላት ነው። ዝንጅብሉ የሚገባው መቼ ነው?

መልስ፣ ከዳንግላ
ተወቅጦ ከውሃው ጋር ይፍላ፣ ልጄ። ዱቄቱን ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ በኋላ አፍስሺበት፤ ከዚያ እስኪወፍር ድረስ ከማማሰል እጅሽን አታንሺ። ጨው መጨረሻ ላይ።