ማጠቢያ ማሽኑ የሚያፈሰው ውሃ ሲያስወጣ ብቻ ነው፤ የበሩ ጎማ ይቀየር?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ከፊት የሚከፈት ባለ 7 ኪሎ ነው። ውሃ ሲሞላም ሲያጥብም ወለሉ ደረቅ ነው። ቆሻሻውን ውሃ ሲያስወጣ ግን ከሥሩ በፊት በኩል ይፈሳል። ጠጋኙ ምንም ሳይፈታ «የበሩ ጎማ አልቋል፣ ግዢ» አለኝ። ጎማው ላይ ቀዳዳ አላየሁም። ልግዛ ወይስ መጀመሪያ የማየው ነገር አለ?

ፒንሳ፦
እህቴ፣ ጎማውን አትግዢ። የበሩ ጎማ ቢሆን የሚያንጠባጥበው ሲያጥብ ነበር፤ በፊት ቆርቆሮው ላይም ከበሩ ሥር ወደ ታች የወረደ የሳሙና መስመር ታዪ ነበር።

ፊልትሯን እጠቢያት። ብዙ ጊዜ ከታች በቀኝ በኩል ካለችው ትንሽ መዝጊያ ጀርባ ናት። ሶኬቱን ንቀዪ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቂ፣ ጠፍጣፋ ትሪ ከሥር አድርጊና ወደ ግራ ቀስ በቀስ ፍቻት። ባንዴ ከተፈታች በርሜሉ ውስጥ የቀረው ውሃ በሙሉ ወለሉ ላይ ነው። አንገቷ ላይ ያለችውን ክብ ላስቲክ ጥረጊ፤ አንድ ፀጉር ወይም የአሸዋ ፍሬ ከተጋደመባት አጥብቃ አትዘጋም። ስትመልሺ በእጅ ብቻ። በፒንሳ ከተጠመዘዘች እጀታዋ ይሰበራል።

ሮቶ፦
ፊልትር ማጠቡ አይከፋም፤ የዚህኛው ጥፋት ግን እሱ አይመስለኝም። ፊልትሩ ያለው ከፓምፑ በፊት ነው፣ በርሜሉ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ውሃው ይጫነዋል። እሱ ቢሆን ሲያጥብም ወለሉ ይረጥብ ነበር። ሲያስወጣ ብቻ የሚፈስ ከፓምፑ በኋላ ያለ ነው፤ ወይ መውጫው ቱቦ፣ ወይ ፋሸታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት)፣ ወይ ውሃውን የሚቀበለው ፍሳሽ።

ከፍሳሹ ጀምሪ። ኮንዶሚኒየም ቤት ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚጣለው የሻወሩ ወለል ላይ ነው። ያ በፀጉርና በሳሙና ከተደፈነ ፓምፑ የሚገፋውን ያህል አይውጥም፤ ውሃው በማሽኑ ሥር ዞሮ ከፊት ይወጣና ማሽኑ ያፈሰሰ ይመስላል። ለመለየት 20 ሊትር ባልዲ በርጩማ ላይ አስቀምጪ፣ የቱቦውን ጫፍ እዚያ ውስጥ አስገቢና ማስወጫውን ፕሮግራም ብቻ ክፈቺ። አጠገቡ ቁሚ፣ ቱቦው በግፊት ይዘላል። ወለሉ ደረቅ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ቧንቧ ጠራጊ ነው።

የሰሚቷ፦
በባልዲ ሞከርኩት፣ አሁንም ይፈሳል። ከኋላ በስልክ ባትሪ ሳየው ቱቦው ከቆርቆሮው በሚወጣበት ቦታ ላይ ረጥቧል።

ሮቶ፦
በቃ፣ ቱቦው ነው። ማሽኑ ልብስ ሲጨምቅ ስለሚንቀጠቀጥ ቱቦው ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር እየተፋቀ ይሳሳል። ሶኬቱን ነቅለሽ፣ የመግቢያውን ውሃ ዘግተሽ፣ የኋላውን ሽፋን ፍቺ። ቱቦውን በጣትሽ እያጠፍሽ እይው፤ ስንጥቁ በእጥፋቶቹ መካከል ስለሚሆን ቀጥ ሲል ተደብቆ ይቀራል። ሱፐር ግሉና ፕላስተር አይይዘውም፣ እየታጠፈ የሚኖር ነገር ነው። ቀይሪው። አሮጌውን ይዘሽ ሱቅ ሂጂ፤ የፓምፑ በኩል ያለው አፍ ከውጪው ጫፍ ስለሚለይ ርዝመቱን ብቻ ነግረሽ አይሆንም። ፋሸታም አዲስ ግዢ። ስትገጥሚ አሮጌው ይያዝባቸው የነበሩ መንጠቆዎች ላይ መልሺው፣ ካልሆነ አዲሱም እዚያው ጠርዝ ላይ ይፋቃል።

ቆጣሪ፦
አንዳንዱ ማሽን ከኋላ ወደ ፓምፑ እጅ አያስገባም፣ በጎኑ ማጋደም ግድ ይላል። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ውሃውን በፊልትሩ በኩል አውጪ፣ የሳሙናውንም መሳቢያ ንቀዪ። መሳቢያው ውስጥ የቀረ ውሃ ወደ ካርዱ (ማሽኑን ወደሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከወረደ የቱቦው ጥገና በካርድ ግዢ ያልቃል። ብቻሽንም አታጋድሚው፤ ከበርሜሉ ጋር የታሰረው የሲሚንቶ ክብደት ከባድ ነው።