ክርክር፦ የቦርድ አባላት ከገዛ ኪሳቸው ይክፈሉ?

ጀማሪው (ክርክሩን የከፈተው)፦
የማወራው ስለ አሜሪካ ነው። ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቦርድ ዓይኑን ጨፍኖ ኩባንያው ጉዳት ሲያደርስ፣ የቦርድ አባላቱ ከገዛ ኪሳቸው መክፈል አለባቸው ወይ? እኔ አለባቸው ባይ ነኝ።

ቦይንግን ውሰዱ። የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ የተከሰከሰው ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ነው። ባለአክሲዮኖች ቦርዱን ከሰሱ። ቦይንግ በሕግ የተመዘገበበት የዴላዌር ግዛት ዳኛ በ2021 በሰጠችው ውሳኔ ላይ ከቦርዱ ሰነዶች የወጣ ብዙ ነገር ሰፍሯል። አንዱን ካነበብኩት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቦርዱ ስለ አደጋው ለመነጋገር መጀመሪያ የተሰበሰበው ኖቬምበር 23 ነው። በስልክ። ያውም መገኘት ግዴታ አልነበረም፤ የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ይቀራል። የአውሮፕላን ደኅንነትን የሚከታተል የቦርድ ኮሚቴም አልነበረም። ማርች 10 ቀን 2019 ኢቲ 302 ወደቀ። 157 ሰው። ይህን ቁጥር ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ክሱ በ237.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት አለቀ። ማን ከፈለ? ኢንሹራንስ። ለማን? ለቦይንግ ለራሱ። የቦርድ አባላቱ ጥፋት አላመኑም፤ ከኪሳቸውም አላወጡም። ይሄ ተጠያቂነት ከተባለ ቃሉ ትርጉም የለውም።

ጠበቃዋ፦
ንዴትህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ገንዘቡ ለቦይንግ የገባው ክሱ በኩባንያው ስም ስለቀረበ ነው። ተበዳዩ ኩባንያው ነው፣ ባለአክሲዮኑ ስለ እሱ ሆኖ ይከሳል። የሟች ቤተሰቦች ክስ ሌላ ነው።

ከዚህ የሚለይ የጋራ ክስም አለ። “ውሸት ነግራችሁን አክሲዮኑን በውድ ገዛን” የሚሉ ገዢዎች በ1934ቱ የአክሲዮን ገበያ ሕግ የሚያቀርቡት ማለቴ ነው። እሱን ኮንግረስ በ1995 አጥብቆታል። ከሳሹ ገና ሰነድ ሳያገኝ፣ ማን ምን ብሎ እንደዋሸ ዘርዝሮ መጻፍ አለበት። ብዙው ክስ እዚያው በር ላይ ይወድቃል።

ቦርዱ መቆጣጠር አቃተው የሚለው ክስ ደግሞ ለዓመታት የማይሞከር ነበር። በሩን የከፈተው የብሉ ቤል ጉዳይ ነው። አይስክሬም ሠሪ ኩባንያ ነው። ሊስቴሪያ በሚባል ምግብ በሚበክል ባክቴሪያ 3 ሰው ሞተ። የዴላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ምግብ እየሸጣችሁ የምግብ ደኅንነት ወሬ ወደ ቦርዱ የሚደርስበት መንገድ እንኳ ካላበጃችሁ፣ ክሱ ይቀጥላል። የቦይንግ ውሳኔም በዚህ ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ነገሩ ቆሞ አልቀረም።

ትንሽ ባለአክሲዮን፦
እኔ የጋራ ክሱ ላይ ነው ቅሬታዬ። አክሲዮን ያለኝ አንድ ኩባንያ ተከሰሰና ተስማማ። ፎርም ሞላሁ፣ የግዢ ደረሰኝ ፈልጌ አያያዝኩ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ፖስታ መጣ። ስከፍተው የ11 ዶላር ቼክ። አክሲዮኑን ግን እስከዛሬ አልሸጥኩትም። ኩባንያው ከራሱ ካዝና የከፈለውን ያህል የእኔም ድርሻ ቀንሷል ማለት ነው። ከግራ ኪሴ አውጥተው ቀኝ ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ፤ መንገድ ላይ ጠበቆቹ ድርሻቸውን አነሱ።

ጀማሪው፦
እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ያጠፋው ሰው ካልከፈለ፣ የሚከፍለው ያው ባለአክሲዮኑ ነው።

የኢንሹራንስ ሰው፦
ቆይ፣ ይህ ተሞክሯል። በ1985 የዴላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትራንስ ዩኒየን የተባለ ኩባንያን ዳይሬክተሮች፣ ማለትም የቦርድ አባላቱን፣ ተጠያቂ አደረጋቸው። የ20 ደቂቃ ገለጻ ሰምተው ሁለት ሰዓት ብቻ በፈጀ ስብሰባ ኩባንያውን ለመሸጥ ስለወሰኑ ነው። ሌብነት አልነበረም፤ ጥድፊያ ነበር። ለቦርድ አባላት የምንሸጠው ኢንሹራንስ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ዳይሬክተሮችም ፈሩ። በዓመቱ ዴላዌር ሕግ አወጣች፦ ኩባንያዎች ከፈለጉ ዳይሬክተሮቻቸውን በቸልተኝነት ብቻ ከሚመጣ የገንዘብ ዕዳ ነጻ ማድረግ ይችላሉ። በ2022 ይኸው ለአንዳንድ ሥራ አስፈጻሚዎችም በከፊል ተዘረጋ። ዛሬ እንደገና ኪሳቸውን ብትከፍት፣ ጥንቁቁ ሰው ነው መጀመሪያ የሚሸሸው። ሀብት የሌለው ወይም የማያገናዝበው ይቀራል።

ጀማሪው፦
ለቸልተኝነት አላልኩም። ዓይንን አውቆ ለመጨፈን ነው ያልኩት። ደግሞም ከኪስ ማስከፈል አዲስ ነገር አይደለም። በ2005 በሒሳብ ማጭበርበር የወደቀው የኤንሮን ኩባንያ አሥር የቀድሞ የቦርድ አባላት 13 ሚሊዮን ዶላር ከራሳቸው አዋጥተዋል። የቴስላ ዳይሬክተሮች በ2023 ከልክ በላይ ወስደዋል የተባለውን አበል፣ 735 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ ለመመለስ ተስማምተዋል። ቦርድ የሚገባ ሰው ጠፋ ወይ? አልጠፋም። የሕግ ምሁራን ከ1980 እስከ 2005 ያለውን ፈትሸው፣ የኩባንያው ተቀጣሪ ያልሆኑ ዳይሬክተሮች ከኪሳቸው የከፈሉባቸውን 13 ጉዳዮች ብቻ ነው ያገኙት። በ25 ዓመት! ፍርሃቱ ከአደጋው ይበልጣል።

የኢንሹራንስ ሰው፦
13 የሆነው እኮ እኛ ስላለን ነው።

ኦዲተር፦
የክስ ብዛት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2017 እስከ 2019 በየዓመቱ ወደ 400 የጋራ ክስ ይቀርብ ነበር። በ2022 ወደ 200 ገደማ ወረደ። “ኩባንያዎች ጨዋ ሆኑ” የሚል ሰምቻለሁ። አይደለም። ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ይቀርቡ የነበሩት ክሶች ናቸው ቅርጽ የቀየሩት። ጠበቆች አሁን በአንድ ግለሰብ ስም ያቀርቧቸዋል፣ ቆጠራው ውስጥም አይገቡም።

ጠበቃዋ፦
ልክ ነህ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፣ በሩ ነው። ቴክሳስ በ2025 ያወጣችውን ሕግ አይታችሁታል? እዚያ የተቋቋመ ኩባንያ በመተዳደሪያ ደንቡ ገደብ ማስቀመጥ ይችላል፦ በኩባንያው ስም ለመክሰስ እስከ 3 በመቶ አክሲዮን ይኑርህ ብሎ። ብቻህን ወይም ከሌሎች ጋር ተባብረህ። አስሉት። ኩባንያው 500 ቢሊዮን ዶላር ካወጣ፣ 3 በመቶው 15 ቢሊዮን ነው። በዚህ ስሌት የቦይንግን ቃለ ጉባኤ ማን ያነበው ነበር?

የኢንሹራንስ ሰው፦
3 በመቶው በዝቷል። እሱን አልከላከልም።

ትንሽ ባለአክሲዮን፦
እኔ ያለኝ አክሲዮን 40 ነው። ስንት ሰው ልሰብስብ?